ውኃ ቀጂው

አባባ የተቀበሩ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ደጃፋችን ሜዳ ላይ ለቅሶው እንደገና ደራ። አልቃሿ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከመሃል ገባችና እንዲህ አወረደች፦

«ካራማራ ዘልቆ የተመለሰው፣
ዛሬስ የት ዘመተ፣ መንገዱ የት ነው?»

ወንዶቹ ፎከሩ። የአባባ እኩያ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እንደ ጠመንጃ አንስተው «ዘራፍ!» አሉ። ጥይት ተተኮሰ። ከዚያ እምዬ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ዐይኗ ስለማያይ አክስቴ ክንዷን ያዘቻት። ሰዉ ጸጥ እስኪል ቆመችና በዚያ ቀጭን ድምፅዋ፦

«እንስራዬ ደርቆ ከደጅ ተቀምጧል፣
ውኃ ቀጂዬ ሆይ፣ ምንጩ ወዴት ሄዷል?»

ወጣቶቹ ተያዩ። ሽማግሌዎቹ ግን አንገታቸውን ደፉ። በእኛ አገር ወንድን ውኃ ቀጂ ማለት ስድብ ነው፤ አባባም ስሙ የወጣላቸው ለስድብ ነበር። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከስሞቻቸው ሁሉ ይኼኛው ነው ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ።

አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ እምዬ ሚስታቸው። አባባን አንቱ፣ እምዬን አንቺ ማለት የቤታችን ልማድ ነው። እምዬም ብትሆን በሰው ፊት ባሏን ከ«እሳቸው» ሌላ ብላቸው አታውቅም።

ቤታቸው መንዝ ነው። ከጣርማበር ተገንጥሎ በመዘዞ በኩል ወደ ሞላሌ ከሚወስደው መንገድ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ይላል። ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ በግ የሚረባበት፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ የሚያደርግበት ደጋ። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ክዳኑ ያኔ የጓሳ ሣር ነበር፣ ዛሬ ቆርቆሮ ሆኗል። ምንጩ ከቤቱ በታች ገደሉ ሥር ነው። ባዶ እንስራ ይዞ መውረዱ ሃያ ደቂቃ፣ ሞልቶ አዝሎ መውጣቱ ዐርባ ደቂቃ ይፈጃል። በልጅነቴ ትምህርት ሲዘጋ እየሄድኩ ወርጄበታለሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሁሉም እንስራውን አስደግፎ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ።

በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከየገበሬ ማኅበሩ ዘማች ተመለመለ። አባባ 31 ዓመታቸው ነበር። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብተው ሠለጠኑ። እምዬ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅና የሦስት ወር ሕፃን ይዛ ቀረች። ሕፃኗ እናቴ ናት።

የዘማች መሬት በገበሬ ማኅበሩ ይታረሳል ተብሎ ነበር። መጡም። አንድ ቀን ውለው ጥቂት ገመሱላትና የየራሳቸው እርሻ ጠራቸው። አልፈርድባቸውም፤ ሰኔ ማንንም አይጠብቅም። እምዬ አንድ በሬ ነበራት፤ ሁለተኛውን ከጎረቤት በመቀናጆ አገኘች። ያጣችው አራሽ ነው። ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ጓል ትከሰክሳለች፤ እርፍ ግን አትይዝም። ነውር ነው።

እናም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ የአባባን በርኖስ ደረበች። ራሷን ጠመጠመች። በሬዎቹን ጠመደችና ብርሃን ገና ሳይገፋ አረሰች። ሰው ከቤቱ ሲወጣ እሷ ፈትታ ትገባለች።

ሦስት ጠዋት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ከማዶ ያያት እረኛ ለአባቱ «እገሌ በርኖሱን ለብሶ ሲያርስ አየሁት» ብሎ ነገረ። ወሬው ሳይመሽ ገበሬ ማኅበሩ ደረሰ፤ ዘማቹ ኮብልሎ ተመለሰ ተባለ። ያኔ ከዘመቻ መኮብለል ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ አልነበረም። በማግስቱ ሁለት ታጣቂዎች ከሊቀ መንበሩ ጋር በጨለማ መጥተው እርሻውን ያዙ። «ቁም!» ሲሉ በሬዎቹ ቀድመው ቆሙ። በርኖሱ ዞረ። እምዬ ናት።

ይህን ስትነግረን ሁልጊዜ ትስቃለች። «ሊቀ መንበሩ እኔን ማየት አቅቶት በሬዎቹን ነበር የሚያየው» ትላለች። በሦስተኛው ቀን ደቦ ጠርተው አሥራ አንድ ጥማድ ይዘው መጡ፤ መሬቱ ባንድ ቀን አለቀ። የእሷ መዳፍ ግን ውኃ ቋጥሮ ፈንድቶ ስለነበር እስከ ፍልሰታ ሊጥ ማቡካት አልቻለችም።

አባባ ስለ ጦርነት አያወሩም ነበር። ቢያወሩም ስለ ጥም ነው።

የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. በሙሉ ኃይሉ ገባ፤ መስከረም ላይ ጅጅጋ ተያዘች። አባባ የነበሩበት ጦር ሐረርን ለመከላከል ወራት ተዋጋ። ከጥር ጀምሮ ወገን ከኩባ ወታደሮች ጋር ወደ ማጥቃት ተሸጋገረና የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው ካራማራ የድሉ ስም ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ አባባን «የካራማራው» ይላቸዋል። እሳቸው ግን ካራማራን አልወጡም። ከድሉ አንድ ሳምንት በፊት ፍንጣሪ የግራ እጃቸውን ሁለት ጣቶች ወስዶባቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። «የጅጅጋን መያዝ የሰማሁት አልጋ ላይ ሆኜ በሬዲዮ ነው» ይሉ ነበር። «ካራማራን የወጡት እዚያው የቀሩት ናቸው።» አልቃሿን ቢሰሟት ኖሮ እዚያው ያርሟት ነበር።

ጥሙን ግን ብዙ ጊዜ ነግረውኛል። አንድ ኮዳ ለአራት ሰው፣ በኮዳው ክዳን እየተለካ። ከመካከላቸው አንዱ የጉራጌ ልጅ ክዳኗን አፉ ላይ አድርጎ የጠጣ ይመስልና ሳይጎነጭ ለጎኑ ያሳልፋት ነበር። አባባ ይህን ያወቁት ልጁ ከሞተ በኋላ ነው፤ ሌላኛው ጓደኛቸው አይቶት ኖሮ ነገራቸው። «እኔ ነበርኩ ጎኑ» ይሉና ዝም ይላሉ። ከዚያ በላይ አይቀጥሉም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ቤታቸው የገቡት በጥቅምት 1971 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ጎረቤት ሲጨፍር አደረ፤ የበርኖሱንም ወሬ ያን ሌሊት ሰሙት። ሰው ሁሉ ስቆ ሲነግራቸው እሳቸው አልሳቁም። ሲነጋ እምዬ ብትነቃ ባሏም እንስራውም የሉም። ወጥታ ወደ ገደሉ ስታይ፣ አባባ እንስራውን እንደ ሴት በጀርባቸው አዝለው፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ በሦስት ጣት ጨብጠው ዳገቱን ይወጣሉ።

«አበዱ ብዬ ጮኽኩ» ትላለች። «ጦር ሜዳ ጭንቅላታቸውን ነክቷቸዋል ብዬ።»

እንስራውን አውርደው ላባቸውን ጠረጉና «አንቺ የኔን እርፍ ይዘሽ፣ እኔ ያንቺን እንስራ ብይዝ ምኑ ነው ነውሩ?» አሏት።

ነውር ነበር። ምንጩ ላይ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ገለል ይሉላቸው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ስሙ ወጣ፤ ውኃ ቀጂው። ማኅበር ላይ ጠላው ሞቅ ሲያደርግ «ቀሚስ ይሰፋልህ» የሚል አይጠፋም። በድሉ መታሰቢያ ቀን ሕዝብ ፊት ጀግና ብለው የሚያስነሷቸው ሰዎች በማግስቱ ምንጩ ላይ ሲያገኟቸው ይስቁ ነበር። አባባ መልስ አይሰጡም። እኔ በዚህ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ፤ ሁለት ጣቱን አገር ላይ ጥሎ በመጣ ሰው እንስራ ስላዘለ ይሳቃል?

አባባ ጻድቅ ነበሩ ብዬ እንዳልዋሽ ግን የአጎቴን ነገር መጻፍ አለብኝ።

ብሔራዊ ውትድርና ከመጣ በኋላ ወላጅ ሁሉ ወንድ ልጁን ገደል ለገደል፣ ዋሻ ለዋሻ ይደብቅ ነበር። በ1981 ዓ.ም. መልማዮቹ ወደኛ ቀበሌ ሲመጡ አጎቴ 19 ዓመቱ ነው። እምዬ በሶ ጨብጣ፣ ቆሎ ቋጥራ ልታሸሸው አዘጋጅታ ነበር። አባባ ከለከሉ። «አገር ሲጠራ አይደበቁም» አሉ። ልጁም የአባቱን ቃል አክብሮ ሄደ። ሁለት ደብዳቤ መጣ። ሦስተኛው አልመጣም።

እምዬ አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። አንድ ቀን ጠዋት ብቻ አባባ እጃቸውን ወደ እንስራው ሲሰዱ ቀደመቻቸውና አዝላ ወረደች። በማግስቱም እንዲሁ። ከአንድ ዓመት በላይ ውኃ የቀዳችው እራሷ ነበረች። እናቴ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሁሉንም ታስታውሳለች። አባባ በየጠዋቱ ከኋላዋ ይወርዳሉ፣ ምንጩ ላይ ይቆማሉ፣ ስትወጣ ባዶ እጃቸውን ከኋላዋ ይወጣሉ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ስታርፍ ራቅ ብለው ይቆማሉ። አይነጋገሩም።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ተበተነ። ጫማ የሌለው፣ ቁስሉን በጨርቅ ያሰረ፣ ጠመንጃውን በእንጀራ የለወጠ ወታደር በደሴ መንገድ ይጎርፍ ጀመር። አባባ አንድ ጀሪካን ውኃና አንድ ስልቻ በሶ ይዘው ጣርማበር ወጡ። ዘጠኝ ቀን መንገድ ዳር ቆመው ለሚያልፈው ወታደር ሁሉ ውኃ በጣሳ እየሰጡ የልጃቸውን ስምና የክፍሉን ቁጥር ጠየቁ። ማታ ማታ እዚያው መንገደኛ ቤት ያድራሉ፤ ውኃ ሲያልቅ ለምነው ይሞላሉ። ያየው አልተገኘም።

በዐሥረኛው ቀን ባዶውን ጀሪካን ይዘው ገቡ። እናቴ በሩ ላይ ነበረች። እምዬ ፊታቸውን አይታ ምንም አልጠየቀችም፤ እንስራውን ከጓዳ አምጥታ እግራቸው ሥር አስቀመጠችው። አባባ ሳይቀመጡ አንስተው ወረዱ።

የእምዬን ዐይን ያጠፋው የልጇ ለቅሶ ነው ይላል ያገሩ ሰው። ሐኪሞች ያሉት ትራኮማ ነው፤ የዐይን ማዝ። ከሕፃንነት ጀምሮ እየደጋገመ ይይዛል፤ በእጅ፣ በጨርቅ፣ በዝንብ ከልጅ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ይዞራል። ከዓመታት በኋላ የዐይን ቆቡ ከውስጥ ጠባሳ ይሠራና ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ዐይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። አማራ ክልል በዓለም ላይ ይህ በሽታ ከጠናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ሴቶች ደግሞ ሕፃናትን የሚይዙት እነሱ ስለሆኑ ይበልጥ ይጎዳሉ። መከላከያው አንዱ ፊትን በንጹሕ ውኃ መታጠብ ነው።

ይህን የመጨረሻውን የጤና ኤክስቴንሽኗ ስትናገር አባባ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ስትሄድ «ውኃ አጉድዬባት ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። በሽታው የጀመራት ገና ልጅ ሳለች፣ እሳቸውን ሳታውቅ እንደሆነ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ያመኑኝ አይመስለኝም።

የታጠፈውን ቆብ የሚያቃና አጭር ቀዶ ሕክምና አለ። አካባቢውን ብቻ አደንዝዞ የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ላይ ይሠራዋል። እምዬ መጀመሪያ የታየችበት ቦታ ግን «የእርጅና ነው» ብለው ቅባት ሰጥተው መለሷት። በዚያች ቃል ስድስት ዓመት ሄደ። በ2004 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምናውን ስታገኝ ግራው ጠፍቶ ነበር፤ ቀኙ ብርሃንና ጥላ ይለያል። ከጥቂት ዓመት በኋላም ፀጉሩ ተመልሶ ወደ ውስጥ በቀለ። እሷም ሁለተኛ አልቆረጥም አለች።

ስለዚህ አባባ ይነቅሉላት ነበር። በየሁለት እሑዱ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ፀሐይ ደጃፉን ስትመታ መደቡ ላይ ይቀመጡና እምዬ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ ታደርጋለች። ወረንጦዋ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነበር የምትውለው። መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ በግራ እጃቸው በቀሩት ሦስት ጣቶች ቆቡን ወደ ላይ ያነሡታል፤ በቀኙ ወረንጦዋን ያቀርባሉ። ፀጉሩ ለዐይን አይታይም፤ አንገታቸውን አዘንብለው ፀሐይዋን ያስገቡለትና ሲያብረቀርቅ ይይዙታል። የነቀሉትን በግራ እጃቸው ጀርባ ላይ ይደረድሩታል።

«ስንት ሆነ?» ትላለች።

«ሰባት። አትንቀሳቀሺ።»

ስታነባ በጋቢያቸው ጫፍ ሳይሆን ለዚሁ ብለው አጥበው ባስቀመጡት ነጭ ጨርቅ ነው የሚጠርጉላት። ጨርቁን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም።

በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ አምጥቼ አሳየኋት። ብሌኑ ላይ ያለው ጠባሳ ብዙ ነው፣ የሚደረግ የለም ተባለ። ምርመራው ሲረዝም እናቴን ከእምዬ ጋር ትቼ አባባን ጥቁር አንበሳ አጠገብ ወዳለው ትግላችን ሐውልት ወሰድኳቸው። በኦጋዴን ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን የቆመ ነው። እስከ ጫፉ ኮከብ ድረስ ቀና ብለው አዩት። ኮፍያቸውን አወለቁ። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ፎቶ ላነሣቸው ስዘጋጅ «እንመለስ» አሉኝ። አሁን እኮ ነው የመጣነው አልኳቸው።

«ሐውልቱ የት ይሄዳል ልጄ? እሷ ውኃ ጠምቷት ይሆናል።»

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ መንደሩ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። እምዬ መራመድ አትችልም፤ እሳቸውም ትተው አይሄዱም። ስልክ ተቋርጦ ሁለት ሳምንት ምንም አልሰማንም። በመጨረሻ ሲያዝልን የሰማሁት ድምፅ የአባባ ነበር፦ «ጀሪካኑን ሁሉ ሞልቼ ነው በሩን የዘጋሁት። ደኅና ነን።»

ጥር 2016 ዓ.ም. ሦስት ቀን ታመው በአራተኛው ዐረፉ። 78 ዓመታቸው ነበር። ዛሬ ቦኖ መንደሩ መሃል ስለገባ ገደሉን የሚወርድ የለም። እንስራዋ ግን ደጅ ላይ፣ ግድግዳው ሥር አለች፤ አፏ ትንሽ ተሸርፏል።

አርባቸው ካለፈ በኋላ እሑድ ጠዋት እምዬ ጠራችኝ። መደቡ ላይ ነበረች። ከአንገቷ የእሳቸውን ወረንጦ አውልቃ በእጇ ያዘችልኝ። «ወግቶኛል፤ ከሞቱ አልተነቀለልኝም» አለች። እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ነጩን ጨርቅ ከሣጥኑ አወጣሁ። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ፀሐይዋ መለሰች።

መጀመሪያ ምንም አላየሁም። አንገቴን አዘነበልኩ። አንዱ አብረቀረቀ፤ ያዝኩት፤ ወጣ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ እጄ ተንቀጠቀጠና ቆቧን ወጋኋት። ይቅርታ ማለት ስጀምር ጉልበቴን በእጇ መታ መታ አደረገችኝ።

«እሱ ትንፋሹን ይይዝ ነበር» አለችኝ።

ትንፋሼን ያዝኩ።